የሰማይ ጎዳና ቀማሪዎች

ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ድሪምላይነር በሩን ሲዘጋ ዓይን የሚማርከው ነገር ብዙ ነው፤ ጫፉ ወደ ላይ የሚለጠጠው ቀጭን ክንፍ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባው ጅራት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ከጎረቤቷ ጋር ሰላምታ የምትለዋወጥ እናት። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደምመኝ ግን ከተሳፋሪው ዓይን የተሰወረ ነው። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ሰዓታት ቀደም ብሎ ኮምፒውተር ቀምሮ ያወጣው፣ የበረራ ዕቅድ ኃላፊው ዲስፓቸር የመረመረው፣ ካፒቴኑ አይቶ የተቀበለው የበረራ ዕቅድ አለ፤ በዕቅዱ መካከል ደግሞ የነጥቦችና የአየር ጎዳናዎች ስም ብቻ የተደረደረባቸው ጥቂት መስመሮች አሉ። እነዚያ ጥቂት መስመሮች 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀትን፣ የአትላንቲክን ነፋስ፣ የአሥራ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነዳጅንና በመንገድ ያሉትን አገሮች ሕግ በአንድነት አምቀው ይዘዋል።

ይህን መንገድ የሚፈልጉት ሶፍትዌሮች ስማቸው በአደባባይ አይጠራም፤ ንድፋቸው ግን ከማንኛውም የረቀቀ ሥራ ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊቀመጥ ይገባዋል። የጥሩ ሕንፃን ልከኝነት፣ የጥሩ ስፌትን ጥራት ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ እዚህም ያንኑ ልከኝነትና ጥራት እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

ከመስኮት ሲያዩት ባዶ የሚመስለው ሰማይ በካርታ ላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ነው። በመሣሪያ የሚመራ በረራ፣ ማለትም አብራሪው በደመናና በጨለማ ውስጥ መሬትን ሳያይ በመሣሪያዎቹ ተማምኖ የሚበረው በረራ፣ ለብዙ አሠርት ዓመታት የተጓዘው አስቀድመው በተሠመሩ የአየር ጎዳናዎች ነው። በአሜሪካ ከ18,000 ጫማ በታች ያሉት ጎዳናዎች «ቪክተር»፣ ከዚያ በላይ እስከ 45,000 ጫማ ያሉት «ጄት» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ዝቅተኞቹ ከመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ አራት አራት ኖቲካል ማይል ስፋት አላቸው። ጎዳናዎቹ የሚያልፉባቸው ነጥቦች ደግሞ በላቲን ፊደል አምስት ሆሄ ያላቸው፣ በሬዲዮ ሲጠሩ ለአንደበት የሚመቹ ስሞች ይሰጧቸዋል። ስም አውጪዎቹ ጨዋታ አይጠሉም፤ በጥብስ ሥጋዋ በታወቀችው በካንሳስ ሲቲ ዙሪያ «ባርቢኪው»፣ «ስፓይሲ»፣ «ስሞክ» እና «ሪብስ» የተባሉ ነጥቦች አሉ።

መረቡ እዚህ የደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ የፖስታ አብራሪዎች ሌሊቱን የሚሻገሩት በምድር ላይ ተራ በተራ የተተከሉ የብርሃን ማማዎችን እየተከተሉ ነበር። ከፖስታ አብራሪዎች አንዱ ኤልሪ ጄፐሰን በ10 ሳንቲም በገዛት ትንሽ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ውስጥ የማረፊያ ሜዳዎችን ርዝመት፣ የኮረብቶችን ከፍታ፣ የአየሩን ሁኔታ ሊነግሩት የሚችሉ ገበሬዎችን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ይመዘግብ ነበር። ባልደረቦቹ ደብተሩን እየተዋሱ ቢያስቸግሩት በ1934 ድርጅት አቋቁሞ ካርታ መሸጥ ጀመረ፤ የእርሱ ስም ዛሬም በአብራሪዎች ዘንድ የካርታ ሌላ ስም ነው። ብርሃኑን የሬዲዮ ጣቢያ ተካው፤ የሬዲዮ ጣቢያዎቹንም ሳተላይት እየተካቸው ይገኛል፤ የነጥብና የጎዳና አሳቡ ግን ጸንቶ ቆየ።

ለዚህ ታሪክ 1956 የተለየ ዓመት ነው። በሰኔ ወር መጨረሻ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቁጥጥር በማይደረግበት የአየር ክልል ውስጥ ሲበሩ ከግራንድ ካንየን በላይ ተጋጭተው 128 ሰዎች ሞቱ። ያ ሐዘን አሜሪካ የአየር ጎዳናዎቿን ሁሉ በአንድ ጠንካራ መሥሪያ ቤት ሥር እንድታደርግ ገፋፋት፤ ሕጉም በ1958 ወጣ። በዚያው በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ኤድስኸር ዳይክስትራ የተባለ ወጣት ሆላንዳዊ ከእጮኛው ጋር ዕቃ ሲገዛ ቆይቶ ደከመውና ከአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጣ አረፍ አለ። ወረቀትም እርሳስም አልያዘም። በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በመረብ በተያያዙ ነጥቦች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ዘዴ በአእምሮው ቀምሮ ጨረሰ። ዘዴው ያን ያህል የጠራ የሆነው በጭንቅላት ብቻ ስለተሠራ እንደሆነ ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ወረቀት የሌለው ሰው መወሳሰብ አይችልም። የመጀመሪያው ማሳያ የተሠራውም በ64 የሆላንድ ከተሞች ካርታ ላይ ነበር።

ዘዴው ሲታይ ትሕትና አለው። ከመነሻው ነጥብ ይጀምራል፤ እስካሁን ከተደረሰባቸው ነጥቦች ውስጥ ወጪው ዝቅተኛ የሆነውን ይመርጥና «ይህ ተረጋግጧል» ብሎ ያትመዋል፤ ከዚያ በእርሱ በኩል ወደ ጎረቤቶቹ የሚያደርሰውን ወጪ ያሰላል፤ እንደገናም ትንሹን ይመርጣል። አንድ ጊዜ የታተመ ነጥብ ዳግመኛ አይከፈትም። መድረሻው በታተመ ጊዜ መንገዱ ተገኝቷል፤ ከእርሱ የሚሻል አለመኖሩም በሒሳብ የተረጋገጠ ነው።

ዘዴው አንድ ጉድለት አለበት፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሰፋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ መንገድ ሲፈልግ የካናዳንና የካሪቢያንን ነጥቦች ሁሉ ሳይነካ አያልፍም። በ1968 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰን እና በርትራም ራፋኤል ለዚህ መላ አመጡ። ኤ ስታር ተብሎ የታወቀው የእነርሱ ዘዴ በየነጥቡ ላይ አንድ ግምት ይጨምራል፤ ከዚህ እስከ መድረሻው ቢያንስ ምን ያህል ይቀራል? ግምቱ ከእውነተኛው ወጪ ፈጽሞ የማይበልጥ እስከሆነ ድረስ መልሱ እንደ ቀድሞው ፍጹም ነው፤ ፍለጋው ግን ወደ መድረሻው አቅጣጫ ይሳባል። በመሬት ድቡልቡል ገጽ ላይ የሚለካው አጭሩ ርቀት ለዚህ ግምት ተፈጥሮ የሰጠችን ስጦታ ነው፤ ከእርሱ ያጠረ መንገድ የትም የለምና።

እስከዚህ ድረስ ያለው በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ትምህርት ነው። ንድፍ አውጪው ሊቅነቱን የሚያስመሰክረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ፈተናም ከፍለጋው በፊት ይመጣል። በመረቡ ውስጥ «ነጥብ» የምንለው ምንድን ነው?

ጀማሪ ሳያመነታ የካርታውን ነጥቦች ራሳቸውን ይወስዳል። ነገር ግን ሁለት ጎዳናዎች አንድ ነጥብ ላይ ስለተገናኙ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው መታጠፍ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጎዳና ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አንዳንዱ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ አንዳንዱን ደግሞ ወደ አንድ የተለየ ማረፊያ የሚሄድ አውሮፕላን ብቻ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጠንቃቃው ንድፍ አውጪ አንዱን የካርታ ነጥብ ብዙ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በዚህ ጎዳና የተደረሰበት፣ በዚያ ጎዳና የተደረሰበት፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚያ ከፍታ። መረቡ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ በምትኩ ሕጉ ሁሉ በመረቡ ቅርጽ ውስጥ ይካተታል። የተከለከለ መታጠፊያ ማለት መስመር ያልተሠመረለት መታጠፊያ ይሆናል፤ ፍለጋውም «ይህ ይፈቀዳል ወይ?» እያለ በየእርምጃው መጠየቅ አያስፈልገውም። ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ አስቸጋሪውን ነገር ለፕሮግራሙ ሳይተዉ በአቀማመጥ መፍታት።

ከፍታው ራሱ የራሱ ሥርዓት አለው። በአብዛኛው ዓለም ወደ ምሥራቅ የሚበር በጎዶሎ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር በሙሉ ቁጥር ከፍታ ይይዛል፤ 35,000 ጫማ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ከ36,000 ጫማ ተመላሹ በታች ያልፋል። ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ክልል በመካከላቸው ያለው ርቀት 1,000 ጫማ ብቻ ነው። ወደ ታች ሲወረድም እያንዳንዱ የጎዳና ክፍል ዝቅተኛ ከፍታ አለው፤ በተራራማ አገር ከከፍተኛው ጫፍ በላይ ቢያንስ 2,000 ጫማ መጠበቅ ግዴታ ነው። ራስ ደጀንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ከዚያ ነፋሱ ይመጣል፤ ሒሳቡም ነፍስ ይዘራል።

በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው የጄት ነፋስ በብርዱ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። አውሮፕላን ሲሄድበት ይሸከመዋል፤ ሲመጣበት ይገፈትረዋል። በዚህ ምክንያት በውቅያኖሱ ላይ ቋሚ ጎዳና የለም። በአየርላንድና በስኮትላንድ በኩል ያለው ሻንዊክ እና በካናዳ በኩል ያለው ጋንደር የተባሉት የቁጥጥር ማዕከሎች በየቀኑ ነፋሱን ተመልክተው ትይዩ መንገዶችን ሲያወጡ ኖረዋል፤ ቀን ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚመለሱት። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም። በኪሎ ሜትር የረዘመ መንገድ በደቂቃ ሊያጥር፣ በነዳጅም ሊቀል ይችላል፤ ሶፍትዌሩ የሚያሰላው የምድርን ርቀት ትቶ በአየሩ ውስጥ የሚቆረጠውን ርቀት ነው።

ነፋሱ ደግሞ በየሰዓቱ ይለወጣል። አንድን ጎዳና ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ አውሮፕላኑ እዚያ በሚደርስበት ሰዓት ይወሰናል፤ የሚደርስበት ሰዓት ደግሞ ቀድሞ ባለፈበት መንገድ። የኤ ስታር ግምት እዚህ ላይ ይፈተናል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ አውሮፕላኑ ካሰብነው ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል «ቢያንስ ይህን ያህል ይቀራል» ያልነው ቃላችን ሐሰት ይሆናል። በርሊን የሚገኘው የዙሰ ተቋም የሒሳብ ሊቃውንት ከሉፍትሐንዛ ሲስተምስ ባለሙያዎች ጋር በ2016 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ የሰጠው መልስ በጣም ያምራል። በእያንዳንዱ የጎዳና ክፍል ላይ በጊዜው ክልል ውስጥ ሊነፍስ ከሚችለው ሁሉ የሚሻል፣ በእውነተኛው ዓለም ምናልባት ፈጽሞ የማይነፍስ ምናባዊ ነፋስ ይፈጥራሉ። በዚያ ነፋስ የሚሰላው ጊዜ ከእውነተኛው መቼም አይበልጥም፤ ስለዚህ ግምቱ ታማኝ ሆኖ ይቆያል፤ ለእውነታው በጣም ቅርብ ስለሆነም ፍለጋው አይባዝንም።

ሥራው ሌላም ነገር ገልጧል። በመኪና መንገድ ካርታዎች ላይ ተአምር የሚሠሩ ዘመናዊ ዘዴዎች በአየር ጎዳና መረብ ላይ ያን ያህል አልተሳካላቸውም። የሰማይ ነጥብ ከመስቀለኛ መንገድ ይልቅ ብዙ ጎረቤት አለው፤ ረጅሙ በረራ ደግሞ በጥቂት ክፍሎች ያልቃል። ነፋሱ በቀላል ቅርጽ በተወከለበት ሙከራ የእነርሱ ኤ ስታር ከእነዚያ ዘዴዎች 15 ጊዜ ያህል ፈጥኖ መልስ ሰጥቷል። የስልካችን ካርታ በሰከንድ ሽርፍራፊ ከመገናኛ ቦሌ ያደርሰናልና የሰማዩም ጉዳይ የተዘጋ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ጥሩ ማረሚያ ነው።

ክብደት ሌላው ምሥጢር ነው። አውሮፕላን በየሰዓቱ የሚያቃጥለው ነዳጅ በክብደቱ ይወሰናል፤ ክብደቱ ደግሞ በያዘው ነዳጅ። ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ይቃጠላል። ሶፍትዌሩ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሊኖረው ከሚገባው ክብደት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ወይም ገምቶ ያሰላል፣ ባገኘው መልስ ግምቱን ያርማል፣ ሁለቱ ቁጥሮች እስኪገጣጠሙ ይመላለሳል። የከፍታ አመራረጡም ከዚህ ይወጣል፤ ገና ሲነሣ የከበደው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ይጀምርና ነዳጁ እየቀነሰ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ይዞት የሚነሣው ክብደት ይገደባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም፣ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ለዚህ ነው። ደለስ ዝቅ ያለች ናት፤ ነፋሱም ከኋላ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። አገሮች ሰማያቸውን ለሚያቋርጥ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። በአውሮፓ ክፍያው የሚሰላው ርቀቱን በመቶ ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፕላኑን ከፍተኛ የመነሻ ክብደት ለ50 ተካፍሎ በካሬ ሥሩ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ አገር ባወጣው ተመን በማባዛት ነው። ተመኑ ከድንበር ድንበር ስለሚለያይ ርካሹ መንገድ አንዳንዴ ከፈጣኑ ይለያል። አየር መንገዱ አንዲት ደቂቃ ስንት ነዳጅ እንደምታወጣለት ለሶፍትዌሩ ይነግረዋል፤ ሶፍትዌሩም ጊዜን፣ ነዳጅንና ክፍያን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ደለሱ በረራ ልመለስና መንገዱን በክር እንለካው። በሉል ላይ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ክር ቢወጠር ግማሹ መንገድ ላይ ፖርቱጋልን ይነካል፤ ከዚያ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በሊቢያ በረሃ በኩል ሱዳንን አቋርጦ ይገባል። ፖርቱጋል በ2009 በአውሮፓ ቀዳሚ ሆና ከላይኛው ሰማይዋ ላይ ጎዳናዎቹን አንሥታለች፤ አውሮፕላን ከመግቢያው ነጥብ እስከ መውጫው በቀጥታ ይበራል። ነፃነቱ ለአብራሪው ምቾት ሲሆን ለንድፍ አውጪው ግን ፈተና ነው፤ ማንኛውም ነጥብ ከማንኛውም ጋር ሲገናኝ መረቡ ጫካ ይሆናልና። ሊቢያ ስትደርሱ ደግሞ ብዙ አገሮች ለአየር መንገዶቻቸው ክልከላና ማስጠንቀቂያ ያወጡበት ሰማይ ነው። የካርቱም ሰማይ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ በዚያ የሚያልፉ በረራዎች ሁሉ መዞር ግድ ሆነባቸው። የተወጠረው ክር እዚህ ይበጠሳል፤ ዲስፓቸሩ የሚያምነው ሶፍትዌር አዲሱን መታጠፊያ ነዳጁን፣ ሰዓቱንና ተለዋጭ ማረፊያውን አስልቶ ያቀርብለታል። ጦርነት በአንድ ሌሊት የቆረጠውን መረብ በደቂቃዎች ውስጥ ለሰው ደኅንነት መልሶ መቀጠል የሚችል ሥራ ክብር ይገባዋል።

መረቡ በሰላም ጊዜም አይተኛም። በዓለም ዙሪያ የአየር ጎዳናና የነጥብ መረጃ በየ28 ቀኑ በአንድ ቀን ይታደሳል። ነጥብ ይሠረዛል፣ ጎዳና ይታጠፋል፣ ዝቅተኛ ከፍታ ይለወጣል። ትላንት ምርጥ የነበረ መንገድ ዛሬ ላይኖር ስለሚችል፣ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሶፍትዌር ቀን ሲቀየር መረጃውን እንደ አዲስ ያነባል፣ የተጋጨውን ይለያል፣ ያረጀውን አይጠቀምም። ሰዎች ስለ ፍለጋው ጥበብ ብዙ ያወራሉ፤ በእኔ ግምት ግን ከጥሩ ሶፍትዌር አስደናቂውን የሚለየው ይህ ያልተዘመረለት የመረጃ ንጽሕና ነው።

ለፕሮግራም ሥራ ልባችሁ ለሚነሣ ወጣት አንባብያን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የአገሩን ጎዳናዎችና ነጥቦች ሙሉ መረጃ በየ28 ቀኑ በነፃ ያወጣል፤ የአገሪቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትም የዓለምን የነፋስ ትንበያ በቀን አራት ጊዜ በነፃ ይለቃል። ለእውነተኛ በረራ የሚውል መሣሪያ ፈቃድና ምርመራ ይጠይቃል፤ ለመማር ግን አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። በዳይክስትራ ዘዴ ጀምሩ፣ ከፍታውን ጨምሩ፣ ከዚያ ነፋሱን፤ ያገኛችሁትን መንገድም ኤክስፐርት ለሆነ ዲስፓቸር አሳዩትና ስሕተቱን ይንገራችሁ።